አንድ ደንበኛ፥ ብዙ ጣሪያ፤ ስለ ፀሐይ ኀይል ሥራ መዝገብ አያያዝ

ሦስት ማሳ ያለው ገበሬ የሚያርሰው በአንድ ጥማድ በሬ፥ እህሉን የሚያስገባውም በአንድ ጎተራ ነው። ይሁን እንጂ በሦስቱም ማሳ ላይ አንድ ዓይነት ዘር አይዘራም። ጥቁሩን መሬት ለጤፍ፥ ቀዩን ለገብስ፥ ውሃ የሚተኛበትን ለጓያ ይለያል፤ የትኛው ባለፈው ዓመት እንደ ታረሰ፥ የትኛውም እንዳረፈ በልቡ መዝግቦ ይይዛል። ጎተራው አንድ ስለ ሆነ ማሳውም አንድ ነው ብሎ የሚያስብ ገበሬ የለም፤ ማሳው ሦስት ስለ ሆነም ራሱን እንደ ሦስት ሰው የሚቆጥር አይገኝም። ለገበሬው እንዲህ ግልጥ የሆነው ነገር፥ በዚህ ዘመን በፀሐይ ኀይል ተከላ ሥራ ለተሰማሩ ለብዙዎች ድርጅቶችና የሥራቸውን መዝገብ ለሚይዘው ሶፍትዌር ገና በሚገባ አልተገለጠም።

ሶፍትዌር የሚባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ዛሬ በፀሐይ ኀይል ሥራ ውስጥ ያልገባበት ክፍል የለም ማለት ይቻላል። የጣሪያውን ስፋት ከሰማይ ከተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ይለካል፤ ጥላው በየሰዓቱ ወዴት እንደሚወድቅ ያሰላል፤ በዓመት ምን ያህል ኪሎዋት ሰዓት እንደሚገኝ ይገምታል፤ ዋጋውን አውጥቶ የውል ረቂቅ ያዘጋጃል፤ ተከላው ካለቀ በኋላም የጥገናውን ቀን ያስታውሳል። አንድ ቤት ያለው አንድ ሰው በመጣ ጊዜ ይህ ሁሉ ያለ ችግር ይፈጸማል። ችግሩ የሚነሣው ያው ሰው ሁለተኛ ቤቱን፥ ከዚያም ሦስተኛውን ይዞ በተመለሰ ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ መዝገብ ያዡ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ይህ አዲስ ደንበኛ ነውን? ወይስ የቀድሞው ሥራ ተቀጥላ ነውን? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በመልሱ ላይ ገንዘብና የሰው እምነት፥ አንዳንድ ጊዜም የሰው ሕይወት ተንጠልጥሎ ይገኛል።

ነገሩ ወደዚህ ደረጃ እንዴት እንደ ደረሰ ማስታወስ ይጠቅማል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 በአሜሪካ በቤል የምርምር ቤት ቻፒን፥ ፉለርና ፒርሰን የተባሉ ሦስት ሊቃውንት ለሥራ የሚበቃውን የሲሊከን የፀሐይ ሴል ሠርተው ባሳዩ ጊዜ፥ ከሚደርሰው ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጥ የነበረው 6 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ዛሬ በገበያ የሚሸጠው ጥሩ ሶላር ፓኔል ከ20 በመቶ በላይ ይለውጣል፤ ዋጋውም ከቀድሞው ጋር የማይነጻጸር ሆኖ ወርዷል። ዕቃው እየረከሰ በሄደ መጠን ድካሙ ወደ ልኬቱ፥ ወደ ንድፉና ወደ መዝገቡ ተዛወረ። ክሪስቶፈር ሆፐርና ሳሙኤል አዴዬሞ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተዋወቁ ሰዎች ናቸው፤ በ2013 አውሮራ ሶላር የተባለውን የንድፍ ሶፍትዌር ድርጅት ለማቋቋም ያነሣሣቸው በምሥራቅ አፍሪካ ለአንድ ትምህርት ቤት ሶላር ለመትከል ሲሠሩ፥ ከተከላው ይልቅ ዕቅዱና ንድፉ ብዙ ጊዜ እንደሚወስድ ማየታቸው ነበር። እንግዲህ በዚህ ሥራ የሚከበረው መሰላል ላይ የሚወጣው ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን፥ መዝገቡን አጥርቶ የሚይዘውም መሆን አለበት።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። አንድ ነጋዴ በመርካቶ ሱቅ፥ በቃሊቲ መጋዘን፥ በአዳማም ሆቴል አለው እንበል። በሦስቱም ላይ ሶላር ለማስተከል ከአንድ ድርጅት ጋር ተስማማ። ሱቁ ጣሪያው ጠባብ ሆኖ ከጎኑ የቆመ ፎቅ ጥላ ይጥልበታል። መጋዘኑ ሰፊ የቆርቆሮ ጣሪያ ስላለው ለብዙ ፓኔል ይመቻል፤ ቆርቆሮውን የተሸከመው ብረት ግን መመርመር ያስፈልገዋል። ሆቴሉ የሲሚንቶ ጣሪያ ያለው ሲሆን ሌሊት ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚፈልግ ያለ ባትሪ አይሆንለትም። ባለቤቱ አንድ ነው፤ የሚከፍለው ገንዘብ ከአንድ ኪስ ይወጣል፤ ሥራው ግን ሦስት ነው። በዚህ ጊዜ ድርጅቱ ከሁለት ስሕተቶች በአንዱ ሊወድቅ ይችላል።

የመጀመሪያው ስሕተት ሰውዬውን ሦስት ጊዜ መጻፍ ነው። ጸሐፊው አዲስ ሥራ በመጣ ቁጥር የደንበኛውን ስም፥ የስልኩን ቁጥርና የግብር መለያውን እንደ ገና ይጽፋል። ነጋዴው ስልኩን በለወጠ ጊዜ በአንዱ መዝገብ ላይ ታርሞ በሁለቱ ላይ ሳይታረም ይቀራል። የጥገና ማስታወቂያ በተላከ ጊዜ በማይሠራ ስልክ ይላካል፤ ለብዙ ሥራ የተሰጠው የዋጋ ቅናሽም ለአንዱ ሥራ ታስቦ ለሌላው ይረሳል። ገንዘብ ያዡ ባለዕዳው ማን እንደ ሆነ በጠየቀ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ሦስት ሰዎችን ያሳያል፤ ከእነርሱም አንደኛው ከሚገባው በላይ ከፍሎ፥ ሁለቱ ምንም ያልከፈሉ ሆነው ይታያሉ። ከዚህ የተነሣ ታማኙ ነጋዴ ያለ በደሉ ባለዕዳ ይባላል።

ይህ ስሕተት በአማርኛ በሚጻፍ መዝገብ ላይ ከሌላው አገር ይልቅ ይበረታል። የአማርኛ ፊደል በድምፅ አንድ፥ በመልክ ግን ልዩ ልዩ የሆኑ ሆሄያት አሉት። ኀይሉ የሚለው ስም በሀ፥ በሐና በኀ ሊጻፍ ይችላል፤ ሠናይትም በሠና በሰ፥ ፀሐይም በፀና በጸ ይጻፋሉ። ሰው ሲያነበው አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ስላለው ሦስት ልዩ ልዩ ሰዎች ይሆናሉ። በዚህ ላይ ጽሕፈት ቤት የሚለው ቃል አንዴ በሙሉ፥ አንዴ በአሕጽሮት ይጻፋል፤ የአያት ስም አንዴ ይጨመራል፥ አንዴ ይቀራል። በላቲን ፊደል የተጻፈ እንደ ሆነ ደግሞ ልዩነቱ ከዚህም ይብሳል። ስለዚህ ደንበኛን በስሙ ብቻ መለየት በአሸዋ ላይ ቤት እንደ መሥራት ነው። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የማይለወጥ አንድ ቁጥር ሊሰጠው፥ አዲስ ደንበኛ ከመጻፉም በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ሆሄያት እንደ አንድ ቆጥሮ የሚፈልግ ሶፍትዌር ሊኖር ይገባል።

ሁለተኛው ስሕተት የመጀመሪያውን ፈርቶ ሦስቱን ሥራ በአንድ መዝገብ ማጨቅ ነው። ይህ መንገድ ለጊዜው ቀላል ይመስላል። ሆኖም መጋዘኑ ሥራው አልቆ፥ ሱቁ ፈቃድ እየጠበቀ፥ ሆቴሉ ገና በልኬት ላይ ሳለ፥ ሥራው የት ደረሰ ተብሎ ቢጠየቅ አንድ መዝገብ ሦስት መልስ ሊሰጥ አይችልም። ለሆቴሉ የተገዛው ባትሪ ወደ መጋዘኑ ይጫናል። ለሱቁ የተከፈለው ቀብድ ለሆቴሉ ይያዛል። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ የአንዱ ሕንፃ የሽቦ ፕላን ከሌላው ፕላን ጋር መቀላቀሉ ነው። ሶላር ፓኔል ዋናው ማብሪያ ማጥፊያ ቢዘጋም ፀሐይ እስካለች ድረስ ኤሌክትሪክ ማመንጨቱን አይተውም። እሳት በተነሣ ጊዜ ወደ ጣሪያው የሚወጣው የእሳት አደጋ ሠራተኛ የሚያስፈልገው የዚያ ሕንፃ ፕላን እንጂ የባለቤቱ ሌላ ሕንፃ ፕላን አይደለም። በተሳሳተ ወረቀት ተመርቶ እጁን የሚዘረጋ ሰው የሚያገኘው ምን እንደ ሆነ ለማንም የተሰወረ አይደለም።

እንግዲህ ትክክለኛው መንገድ የትኛው ነው? የዚህ ጥበብ መሠረት የቆየ ነው። በእንግሊዝ አገር የተወለደው የሒሳብ ዐዋቂ ኤድጋር ኮድ፥ በካሊፎርኒያ በአይ ቢ ኤም የምርምር ቤት ሲሠራ በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ፥ ትልልቅ መዛግብት በየሠንጠረዡ ተከፍለው እንዴት እርስ በርሳቸው በመለያ እንደሚያያዙ አስረዳ። ከዚያ ሐሳብ የወጣው ደንብ ሲያጥር፥ አንድ እውነት በአንድ ቦታ ብቻ ይጻፍ፤ እርሱን የሚፈልግ ሌላው ሁሉ ወደዚያው ያመልክት የሚል ነው። ዛሬ ባንኮችም አየር መንገዶችም መዝገባቸውን የሚይዙት ከዚህ በመነጨ ሥርዐት ነው። ለፀሐይ ኀይል ሥራም ከዚህ የተሻለ ደንብ አይገኝለትም።

ይህ ደንብ በተግባር ሲውል መዝገቡ አራት ደረጃ ይኖረዋል። በመጀመሪያው ደረጃ ደንበኛው አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል፤ ስሙ፥ አድራሻው፥ የግብር ቁጥሩ፥ ከእርሱ ጋር የተደረገውም የዋጋ ስምምነት በዚህ ይቀመጣል። በሁለተኛው ሥፍራው ይጻፋል፤ ሕንፃው የት እንደሚገኝ፥ ጣሪያው ምን ዓይነት እንደ ሆነ፥ በሩን የሚከፍተው የዘበኛ ስልክ ስንት እንደ ሆነ በዚህ ይታወቃል። በሦስተኛው ሥራው ይጻፋል፤ የውሉ ቀን፥ የተገዛው ዕቃ፥ የሠራተኞቹ ቡድን፥ የተከፈለውና የቀረው ገንዘብ፥ ሥራው የደረሰበትም ደረጃ የሚመዘገበው በዚህ ነው። በአራተኛው ንድፉ ይጻፋል፤ ለአንዱ ሥራ ሁለትና ሦስት አማራጭ ንድፍ ሊቀርብ ስለሚችል፥ የተመረጠው ከተተዉት ተለይቶ መታየት አለበት።

በእነዚህ ደረጃዎች መካከል ያለውን ድንበር ለይቶ ማወቅ ዋናው ብልሃት ነው። ባለቤቱ በመጋዘኑ ላይ 40 ኪሎዋት ይሻለኛል ወይስ 60 ብሎ ቢያማክር፥ ያ ሁለት ሥራ ሳይሆን የአንድ ሥራ ሁለት ንድፍ ነው። በስዊስ አገር በጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውና በዓለም ሁሉ የታወቀው ፒቪሲስት የተባለው ሶፍትዌር ይህን በመልካም ይለያል፤ ፕሮጀክቱ የቦታውንና የአየሩን ጠባይ ይይዛል፤ ልዩ ልዩ የስሌት አማራጮችም ከሥሩ ይደረደራሉ። እንደዚሁም የአንድ ቤት ጣሪያ በምሥራቅና በምዕራብ ሁለት ፊት ቢኖረውና ሁለቱም ወደ አንድ ቆጣሪ የሚገቡ ቢሆን፥ ሥራው አንድ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ሕንፃ ቆሞ እያንዳንዱ የራሱ ቆጣሪ ካለው ግን፥ አጥሩ አንድ ቢሆንም ሥራው ሦስት ሊባል ይገባል። መጋዘኑ ከአራት ዓመት በኋላ ተጨማሪ ፓኔል ቢተከልለት ደግሞ ሥፍራው ያው ሆኖ ሥራው አዲስ ነው፤ የአዲሱ ዕቃ ዋስትና የሚቆጠረው ከአዲሱ ቀን ጀምሮ ነውና። ባጭሩ ቆጣሪውንና ውሉን የተመለከተ ሰው ድንበሩን አይስትም።

ሌላም ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነገር አለ። ሶፍትዌሮች ያለፈውን ሥራ ገልብጦ አዲስ የሚያደርግ ቁልፍ አላቸው፤ ሠራተኛም ድካም ስለሚያቀልለት ይወደዋል። ከባለቤቱ የሆነው ነገር ቢገለበጥ ጉዳት የለውም፤ ከጣሪያው የሆነው ነገር ግን እንደ ገና ሊለካ ይገባል። በአዲስ አበባ ከሚያዝያ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ነሐሴ የመጨረሻው ሳምንት ድረስ ፀሐይ በቀትር የምታልፈው በሰሜን በኩል ሲሆን፥ በቀሩት ወራት በደቡብ በኩል ነው። በበጋ ጥላ የማይጥለው ዛፍ በክረምት ሊጥል፥ በአንዱ ጣሪያ ላይ የማይጎዳው ፎቅ በሌላው ላይ ሊጎዳ ይችላል። በተከታታይ በታሰሩ ፓኔሎች ላይ የአንዱ ጥላ የሌሎቹንም ኀይል ሊቀንስ ስለሚችል፥ የሱቁን ስሌት ለሆቴሉ መገልበጥ ባለቤቱን በሌለ ኀይል ማስከፈል ይሆናል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለው፥ በቁልፉ የተረፈው ግማሽ ቀን በክርክር በሚያልፍ ወር ይከፈላል።

የአንድ ደንበኛ ብዙ ሥራ ምን ያህል ከባድ ነገር ሊያስከትል እንደሚችል ለማየት የዋልማርትና የቴስላ ክርክር የታወቀ ምሳሌ ነው። የአሜሪካው ታላቅ የችርቻሮ ንግድ ድርጅት ዋልማርት ከ240 በሚበልጡ መደብሮቹ ጣሪያ ላይ፥ ቴስላ በ2016 የገዛው ሶላርሲቲ የተባለ ድርጅት ፓኔል እንዲተክልና እንዲጠብቅ ፈቅዶ ነበር። በነሐሴ ወር 2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዋልማርት በኒውዮርክ ፍርድ ቤት ክስ አቀረበ። በክሱም ቢያንስ በሰባት መደብሮች ላይ ከፓኔሎቹ የተነሣ እሳት እንደ ደረሰ፥ የተከላውና የምርመራውም ሥራ በቸልተኝነት የተፈጸመ እንደ ነበረ አመለከተ። ከእነዚህ አንዱ በመጋቢት ወር 2018 በኦሃዮ ግዛት በቢቨርክሪክ ከተማ የደረሰው እሳት ነው። በዚያው ዓመት ዋልማርት የሁሉም መደብሮች ፓኔል ከኀይል መስመር እንዲለይ ጠይቆ ነበር፤ በክሱ እንደ ተገለጸውም ኀይሉ ከተቋረጠ በኋላ በካሊፎርኒያ በዩባ ከተማ ሌላ እሳት ተነሣ። ሁለቱ ወገኖች በኅዳር ወር 2019 ታርቀው ነገሩ በስምምነት አለቀ።

በዚህ ክርክር ማን ጥፋተኛ እንደ ነበረ ፍርድ አልተሰጠበትም፤ ጥፋቱም የመዝገብ ጥፋት ነው ለማለት ማስረጃ የለም። ይሁን እንጂ አንድ ትምህርት ይገኝበታል። የመጀመሪያው ጣሪያ በተቃጠለ ጊዜ የብዙ ጣሪያ ባለቤት የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ከቀሩት ጣሪያዎች ይህን የመሰለው የትኛው ነው? ይኸው ማያያዣ፥ ይኸው ዓይነት ፓኔል፥ ይኸው ቡድን የሠራው ሥራ የት የት ይገኛል? የእያንዳንዱ ጣሪያ ዕቃና የሠራተኛ ቡድን ለየብቻው ተጽፎ፥ ሁሉም በአንድ ደንበኛ ቁጥር ሥር የታሰረ ከሆነ፥ መልሱ በጥቂት ደቂቃ ይገኛል። መዝገቡ የተበታተነ ከሆነ ግን ተጠራጣሪ የሆኑትን አሥር ጣሪያዎች ለይቶ መመርመር ሲቻል፥ ሁሉንም ማጥፋት ግድ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ ከዚህ የሚከፋው ይመጣል፤ ይኸውም አንዱንም ሳያጠፉ ዝም ማለት ነው።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ማዳረስ ዕቅድ፥ ከሕዝቡ 35 በመቶ ያህሉ ከዋናው መስመር ውጭ በሆነ ኀይል እንዲደርሰው አስቦ ነበር፤ የዚህም ዋናው ክፍል የፀሐይ ኀይል ነው። በመጋቢት ወር 2013 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ባንክ ለዚሁ ዓይነት ሥራ 500 ሚሊዮን ዶላር ያጸደቀ ሲሆን፥ በዕቅዱ ውስጥ ወደ 1,400 የሚጠጉ የጤናና የትምህርት ተቋማት ተቆጥረው ነበር። እንዲህ ባለው ሥራ ላይ አሠሪው አንድ መሥሪያ ቤት ሲሆን ጣሪያው በብዙ ወረዳ የተበተነ ነው። የአንድ ደንበኛ ብዙ ሥራ ማለት በኢትዮጵያ ከሁሉ በፊት ይህ ነው።

በአንድ ጤና ኬላ ያለው የክትባት ማቀዝቀዣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል መቆየት አለበት። ባትሪው ቢደክም ወይም ኢንቨርተሩ ቢቃጠል ጤና ባለሙያዋ ወደ ወረዳው ትደውላለች፤ ወረዳው ወደ ዞኑ፥ ዞኑም ወደ አሠሪው መሥሪያ ቤት ያስታውቃል፤ መሥሪያ ቤቱም ሥራ ተቋራጩን ይጠራል። በዚያን ጊዜ የተቋራጩ መዝገብ «መቶ ጤና ኬላ፥ አንድ ውል» የሚል ብቻ ከሆነ፥ በዚያ ኬላ ላይ የትኛው ባትሪ እንደ ተተከለ፥ ዋስትናውም መቼ እንደሚያልቅ ሊናገር የሚችል አይኖርም። መካኒኩ ሁለት ቀን ተጉዞ የማይስማማ ዕቃ ይዞ ይደርሳል። ዕቃው እስኪመለስና ሌላ እስኪመጣ ድረስ ክትባቱ ይበላሻል፤ ልጇን አዝላ ሦስት ሰዓት የተጓዘች እናትም ባዶ እጇን ትመለሳለች። ለእርስዋ የመዝገብ ጉድለት ማለት ይህ ነው።

የጊዜው ርዝመትም ሊታሰብ ይገባል። የሶላር ፓኔል አምራቾች ለኀይሉ የሚሰጡት ዋስትና ብዙውን ጊዜ እስከ 25 ዓመት ይደርሳል። ኢንቨርተሩና ባትሪው ከዚያ በፊት መለወጣቸው አይቀርም። ንድፉን ያወጣው መሐንዲስ፥ ውሉን የጻፈው ጸሐፊ፥ ፓኔሉን ያሰረው ሠራተኛ ግን ይህን ያህል ዘመን በአንድ ድርጅት መቆየታቸው እምብዛም ነው። በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚለው የአባቶች ተረት ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል። ሰው ያልፋል፥ ጣሪያውና ፓኔሉ ይቀራሉ፤ በመካከላቸው የሚናገረው መዝገቡ ብቻ ነው።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ አይጠፉም። አንዳንድ የትንንሽ ድርጅት ባለቤቶች፥ ደንበኞቻቸውን በፊት ስለሚያውቁ ለእነርሱ አንድ ደብተርና በቴሌግራም የተላኩ ፎቶግራፎች እንደሚበቁ ይናገራሉ። ደንበኛው አምስት፥ ሥራውም አምስት በሆነ ጊዜ ይህ አባባል ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ድርጅት የሚያድገው አዲስ ደንበኛ በማግኘት ብቻ አይደለም፤ የረካ ደንበኛ ሁለተኛና ሦስተኛ ሥራውን ይዞ ሲመለስም ነው። ደብተሩ የሚከሽፈው ልክ በዚህ በመልካሙ ቀን ነው። ባለቤቱ ታሞ የተኛ፥ ስልኩም የጠፋ እንደ ሆነ፥ የድርጅቱ ዕውቀት ሁሉ አብሮት ይጠፋል።

ሌሎች ደግሞ የዋጋ ነገር ያነሣሉ። አንዳንዱ ሶፍትዌር በወር የሚከፈትበትን የፕሮጀክት ቁጥር ወስኖ ዋጋውን በዚያ ስለሚያወጣ፥ ለእያንዳንዱ ጣሪያ አዲስ ፕሮጀክት መክፈት ወጪ ያበዛል፤ በዚህም ምክንያት የአንድ ደንበኛ ሕንፃዎች ሁሉ በአንድ ፕሮጀክት ይታጨቃሉ። በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ሲሆን ችግሩ እውነተኛ ነው፤ በቀላሉም የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ንድፍ የሚያወጣው ሶፍትዌርና መዝገብ የሚይዘው ሶፍትዌር የግድ አንድ መሆን የለባቸውም። ድርጅቱ ንድፉን በውድ ሶፍትዌር አውጥቶ፥ የደንበኛውን፥ የሥፍራውንና የሥራውን መዝገብ በቀላል ሠንጠረዥ ሊይዝ ይችላል። የሚፈለገው የሶፍትዌሩ ውድነት ሳይሆን የሥርዐቱ መጽናት ነው። በአንድ ፕሮጀክት መታጨቅ ግድ ቢሆን እንኳ፥ በየንድፉ ስም መጀመሪያ ላይ የሥፍራውና የሥራው ቁጥር መጻፍ ከብዙ ጉዳት ያድናል።

ሥራዎቹን መለየት ብቻም አይበቃም፤ ባለቤቱ ሁሉን በአንድ ገጽ ማየት አለበት። የብዙ ጣሪያ ባለቤት በየጣሪያው ላይ ስላሉት ብሎኖች ሊያነብ አይሻም። የሚሻው የትኛው ሥራ አለቀ፥ የትኛው ዘገየ፥ ስንት ተከፈለ፥ ስንት ቀረ የሚለውን ነው። መዝገቡ በሥርዐት ተከፍሎ ከተያዘ ይህ ገጽ ከየሥራው መዝገብ ይወጣል፤ ማንም በእጁ አይደምረውም። በእጅ የተደመረ ማጠቃለያ በማግስቱ ያረጃልና። የመታየቱም ወሰን ሊጠበቅ ይገባል፤ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ የሆቴሉን ሥራ ይይ፤ ጠቅላላውን ሒሳብ ግን ባለቤቱና እርሱ የፈቀደለት ብቻ ሊያዩት ይገባል።

እንግዲህ ለሦስት ወገኖች ሦስት ግዴታ ይወድቅባቸዋል። ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች፥ በተለይም ለአማርኛ ተጠቃሚ የሚሠሩት ኢትዮጵያውያን ወጣቶች፥ ደንበኛንና ሥራን በአንድ ቅጽ ላይ ከማጨቅ ተቆጥበው፥ የሆሄያቱንም ነገር አስበው ይሥሩ። ሶላር የሚተክሉ ድርጅቶች አዲስ ሥራ በተቀበሉ ቁጥር አስቀድመው ደንበኛው በመዝገብ መኖር አለመኖሩን ይፈልጉ፤ ለየሥራው የየራሱን ቁጥር ይስጡ፤ ሥራው ሲያልቅም የተተከለውን ዕቃ ሁሉ በተከታታይ ቁጥሩ ጽፈው ይዝጉ። ብዙ ጣሪያ የሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶችና ባለሀብቶች ደግሞ፥ የእያንዳንዱ ሥፍራ መዝገብ ለየብቻው ተዘጋጅቶ እንዲሰጣቸው በውሉ ውስጥ ያስገቡ፤ መዝገቡን ሳይረከቡም የመጨረሻውን ክፍያ አይክፈሉ። ተቋራጩ አንድ ቀን ሥራውን ቢተው ወይም ቢዘጋ፥ ጣሪያው ከነመዝገቡ በእጃቸው ይቀራል።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ ትዕግሥትና ሥርዐት ይበቃዋል። ሦስት ማሳ ያለው ገበሬ ያለ ኮምፒዩተር የሚያደርገውን፥ በኮምፒዩተር የሚሠራ ድርጅት ሊሳነው አይገባም። ባለቤቱ አንድ ጊዜ ይጻፍ፤ ጣሪያው ሁሉ ለየራሱ ይጻፍ፤ በሁለቱም መካከል የማይበጠስ ማሰሪያ ይኑር። ይህ ከተጠበቀ ነጋዴው በሒሳቡ፥ መካኒኩ በሕይወቱ፥ የጤና ኬላዋም ባለሙያ በማቀዝቀዣዋ ላይ ሳይሠጉ ሥራቸውን ሊሠሩ ይችላሉ።